ስሙ የት ገባ? ፕሮግራም ውስጥ ስላሉ ስሞችና ስለሚጠፉበት መንገድ

ርዕሱን አይታችሁ «ይሄ ደግሞ የኮምፒውተር ሳይንሶች ጉዳይ አይደለም እንዴ?» የምትሉ እንደማትጠፉ ይገባኛል። እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ነበር የሚመስለኝ። ነገር ግን የጋዜጠኛ ሥራ ግማሹ ስም መጠየቅ ነው። ማን አለ? ማን ፈረመ? ማን ወሰነ? ዛሬ ዛሬ ብዙ ውሳኔ በኮምፒውተር ፕሮግራም ውስጥ እያለፈ ስለሚመጣ፣ ፕሮግራሙ ውስጥ ያሉትን ነገሮች በስማቸው ዘርዝሮ ማየት ይቻላል ወይስ አይቻልም የሚለው ጥያቄ እኛንም ይመለከታል ባይ ነኝ። መልሱ ደግሞ ፕሮግራሙ በተጻፈበት ቋንቋ ይለያያል። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይም ይኸው ልዩነት ነው።

በመጀመሪያ ቃላቱን እናስተካክል። አንደኛ ዓመት እያለን «ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂስ» የሚለውን ኮርስ ሁላችንም ወስደናል፤ ፕሮግራም መጻፍ ግን አላስተማረንም። ከሐምሌ 2016 ወዲህ «5 ሚሊዮን ኮደሮች» በተባለው ሥልጠና የተመዘገባችሁ ካላችሁ ይህን አንቀጽ ዝለሉት። ፕሮግራመር መረጃ ማስቀመጥ ሲፈልግ ለሚያስቀምጥበት ቦታ ስም ይሰጠዋል። ይህ ስም ያለው ቦታ ቫሪያብል ይባላል፤ በአማርኛ «ተለዋዋጭ» የሚሉት አሉ። ለምሳሌ፦

ዋጋ = 45
ብዛት = 12
ድምር = ዋጋ * ብዛት

እዚህ ላይ «ዋጋ»፣ «ብዛት» እና «ድምር» የቫሪያብል ስሞች ናቸው። 45 እና 12 ደግሞ በውስጣቸው ያለው ነገር ነው። ስሙ ከረጢቱ ላይ የተጻፈው ነው፤ ቁጥሩ ከረጢቱ ውስጥ ያለው። ይህቺን ልዩነት ያዙልኝ፣ ኋላ ትጠቅመናለች።

አሁን ጥያቄው እንዲህ ነው። ይህ ፕሮግራም እየሠራ ሳለ «በል እስቲ፣ አሁን ውስጥህ ያሉትን ስሞች ዘርዝርልኝ» ብንለው ይዘረዝርልናል?

ፓይተን በሚባለው ቋንቋ ከተጻፈ፣ አዎ፣ ያውም ያለ ምንም ጭንቀት። ፓይተን ጉዶ ቫን ሮሰም የተባለ ሆላንዳዊ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣው ስክሪፕት ቋንቋ ነው። በዚህ ቋንቋ «ዲር» የምትባል አጭር ትዕዛዝ አለች (ትዕዛዞቹ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው፤ እዚህ በኛ ፊደል የማስቀምጣቸው ለንባብ እንዲመቹ ነው)። «ዲር» ብላችሁ ቅንፍ ከፍታችሁ ስትዘጉ፣ እስከዚያች ደቂቃ የተፈጠሩ ስሞችን በሙሉ ፊታችሁ ላይ ትደረድራለች፦ «ብዛት»፣ «ዋጋ»፣ «ድምር»። ከነሱ ጋር በፊትም በኋላም ሁለት ሁለት ሰረዝ ያለባቸው፣ ቋንቋው ራሱ ያስቀመጣቸው ጥቂት ስሞች አብረው ይወጣሉ፤ እነሱን እለፏቸው። ስሙን ብቻ ሳይሆን በውስጡ ያለውንም ማየት ከፈለጋችሁ «ግሎባልስ» የምትባል ሌላ ትዕዛዝ አለች፤ እሷ «ዋጋ፦ 45፣ ብዛት፦ 12፣ ድምር፦ 540» እያለች ከነይዘቱ ታወጣላችኋለች። ብዙ ድረ ገጾች የተሠሩበት ፒኤችፒ የሚባለው ቋንቋም ተመሳሳይ ትዕዛዝ አለው። የሊኑክስ ተጠቃሚዎች የሚያውቁት ባሽም እንደዚሁ።

ይህን የሚመስል ነገር በኛ አገር አለ። ደቡብ ጎንደር የአብነት ትምህርት አገር ነው፤ ጋይንት ውስጥ ያለችው ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት፣ ዙር አምባም የዝማሬ መዋሥዕት። የኔታ ተማሪዎቻቸውን አንድ በአንድ በስማቸው ነው የሚያውቁ። ማን ዳዊት ደገመ፣ ማን ቅኔ ጀመረ፣ ማን ለቀለብ ወጥቶ አልተመለሰም፣ በፈለጋችሁት ሰዓት ብትጠይቋቸው ያለ መዝገብ ይነግሯችኋል። ስክሪፕት ቋንቋም ልክ እንደዚያ ነው። የጻፍነውን መስመር በመስመር ሲፈጽም ስሞቹን ሁሉ በአእምሮው ይይዛቸዋል። «ዋጋ» የሚለው ቃል በደረሰ ቁጥር መዝገቡን ገልጦ «ዋጋ ማለት የትኛው ነበር?» ብሎ ይፈልጋል። ስሙ ለሥራው ራሱ ስለሚያስፈልገው አይጥለውም።

ወደ ሁለተኛው ዓይነት እንምጣ። ሲ የተባለውን ቋንቋ ዴኒስ ሪቺ በቤል ላቦራቶሪ እ.ኤ.አ. በ1972 አካባቢ ነው የሠራው። ሲ ኮምፓይል የሚደረግ ቋንቋ ነው። ማለትም ፕሮግራመሩ የጻፈው ጽሑፍ (ሶርስ ኮድ የሚባለው) እንዳለ አይሠራም። መጀመሪያ ኮምፓይለር የሚባል ሌላ ፕሮግራም ውስጥ ይገባና ወደ ማሽን ቋንቋ ይለወጣል። የሚወጣው ፋይል ለሰው የማይነበብ ቁጥር ነው። ኮምፒውተራችሁ ላይ በእጥፍ ጠቅ አድርጋችሁ የምትከፍቱት፣ መጨረሻው ላይ «ኢኤክስኢ» የሚል ያለበት ፋይል አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለ ነው።

ታዲያ ስሞቹ የት ገቡ?

ወፍጮ ቤት ሄዳችሁ ታውቃላችሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ የደብረ ታቦር ወፍጮ ቤቶች በር ላይ ከረጢት ይሰለፋል። አንዱ ቀይ ክር አስሮበታል፣ አንዱ በከሰል ስሙን ጽፎበታል፣ አንዷ የነጠላዋን ጫፍ ቀዳ አንጠልጥላበታለች። ገብሱ ወፍጮው ውስጥ ከገባ በኋላ ግን ዱቄት ነው። ዱቄቱን በእጃችሁ ዘግናችሁ «ይሄ የጉና ገብስ ነው ወይስ የፎገራ?» ብትሉት አይመልስም። ወፍጮው ስም አያስፈልገውም፤ ድንጋዩ የሚያውቀው እህል ብቻ ነው።

ኮምፓይለርም እንዲሁ ያደርጋል። «ዋጋ» የሚለውን ስም ካየ በኋላ በኮምፒውተሩ ማኅደረ ትውስታ ላይ ቦታ ይሰጠውና ከዚያ ወዲያ የሚያስበው የቦታውን ቁጥር ብቻ ነው። «ከዚህ ነጥብ 8 ቦታ ወደ ታች ያለውን ውሰድ፣ ከዚህ ነጥብ 4 ቦታ ወደ ታች ካለው ጋር አባዛ» ይላል። «ዋጋ» የሚል ቃል የለም። የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ የማረሚያ ማሽኑ ያጠቆርነውን መለያ ቁጥር እንጂ የአባታችንን ስም እንደማይፈልገው ማለት ነው።

እንዲያውም ከዚህ የባሰ አለ። ኮምፓይለሩን «ፕሮግራሙን አፍጥንልኝ» ብላችሁ ካዘዛችሁት፣ ከላይ ያለችውን ሦስት መስመር ያይና «45 ሲባዛ በ12፣ 540 ነው፤ ምን አደከመኝ» ብሎ 540ን ብቻ ያስቀምጣል። ስሞቹ ብቻ ሳይሆኑ 45ቱም 12ቱም ጠፉ። ውጤቱ ትክክል ነው፣ ፕሮግራሙም ይፈጥናል። ነገር ግን 540 ከየት እንደመጣ ፋይሉን ብቻ ይዞ ማወቅ አይቻልም። ይህ ነገር ለጋዜጠኛ ጆሮ ትንሽ አይከብድም? ለኔ ከብዶኛል። «ድምሩ ይኸው፣ ከየት መጣ አትበሉ» እንደማለት ነው።

እዚህ ላይ ሁሉም ስም ይጠፋል ብዬ እንዳላሳስታችሁ። በሲ ውስጥ ለአንድ ሥራ ብቻ የሚፈጠሩ፣ የዚያ ሥራ ክፍል ሲያልቅ አብረው የሚያልቁ ቫሪያብሎች አሉ፤ ሎካል ይባላሉ። እነሱ ናቸው በደንብ የሚጠፉት። መላው ፕሮግራም የሚጋራቸው ግሎባል ቫሪያብሎችና የሥራ ክፍሎቹ (ፈንክሽን የሚባሉት) ስሞች ግን ሲምቦል ቴብል በሚባል ዝርዝር ውስጥ ከፋይሉ ጋር ተያይዘው ሊቀሩ ይችላሉ። ምክንያቱም አንድ ትልቅ ፕሮግራም በብዙ ፋይል ተከፋፍሎ ስለሚጻፍ፣ ፋይሎቹ ሲገጣጠሙ «ያ እዚያ ማዶ የተጻፈው ክፍል ስሙ ማን ነበር?» መባባል አለባቸው። ሊኑክስ ላይ «ኤንኤም» የሚባል ትዕዛዝ ይህን ዝርዝር ያሳያችኋል። ፕሮግራመሩ ኮምፓይል ሲያደርግ «ማይነስ ጂ» የሚል ምልክት ከጨመረበት ደግሞ የሎካሎቹም ስም፣ የተጻፉበት መስመር ቁጥር ሳይቀር ለብቻው ተመዝግቦ ይቀመጣል። ስህተት ለሚፈልግ ሰው እንዲያግዝ የሚደረግ ነው። በወፍጮ ቤቱ ምሳሌ፣ ከዱቄቱ ከረጢት ጋር ወረቀት አብሮ እንደ መስፋት ማለት ነው።

ችግሩ ፕሮግራሙ ለደንበኛ ሲሰጥ ወረቀቱ ይቀደዳል። «ስትሪፕ» የሚባል፣ ሥራው ይኸው ብቻ የሆነ ትዕዛዝ አለ። አንዳንዱ ፋይሉ እንዲያንስ ነው የሚያደርገው፤ አንዳንዱ ደግሞ ተፎካካሪ ውስጡን እንዳያይበት። ሁለቱም ሕገ ወጥ ነገር አይደለም።

መቼም ደብረ ታቦር ተቀምጦ ጋፋትን ሳያነሱ መጻፍ አይቻልም። ከከተማችን ብዙም በማይርቀው በዚያ መንደር ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው ሴባስቶፖልን አስቀለጡ። ቀልጦ የፈሰሰው ብረት የማን ቤት ዕቃ እንደነበር ዛሬ መድፉን አይቶ የሚናገር የለም። የመድፉ ስም ቀርቷል፤ የውስጡ ስም ቀልጧል። ኮምፓይል የተደረገ ፕሮግራምም የፋይሉ ስም አለው፤ ውስጡ ግን አንድ ላይ ቀልጧል።

«ወደ ኋላ መመለስ አይቻልም ወይ?» ትሉ ይሆናል። በከፊል ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2019 የአሜሪካ ብሔራዊ የደኅንነት ኤጀንሲ (ኤንኤስኤ) ጊድራ የሚባል መሣሪያ ለሕዝብ በነፃ ለቆ ነበር፤ ዛሬም ማንም አውርዶ ይጠቀምበታል። የማሽን ቋንቋውን ይወስድና ወደ ሲ የሚመስል ጽሑፍ ይመልሰዋል። ግን ስሞቹን ከየት ያምጣቸው? ከራሱ ይፈጥራል፤ «ፓራም 1»፣ «ሎካል 10» እያለ። ስሞቹ በሙሉ በጥቁር ቀለም የተሰረዙበት የፍርድ ቤት ሰነድ እንደ ማንበብ ነው። «ግለሰብ አንድ ለግለሰብ ሁለት ሰጠ» ይላል። ምን ሰጠ? ለምን? ያንን ባለሙያ ቁጭ ብሎ ቀናትና ሳምንታት ፈጅቶ መገመት አለበት። አንድ ነገር ግን ሳይነካ ይቀራል፦ ፕሮግራሙ ለተጠቃሚው የሚያሳያቸው ጽሑፎች፣ «የይለፍ ቃል ያስገቡ» እንደሚሉት ያሉት። እነሱ የከረጢቱ ይዘት እንጂ የከረጢቱ ስም ስላልሆኑ ወፍጮው አይፈጫቸውም።

እስካሁን ነገሩን «ስክሪፕት ይናገራል፣ ኮምፓይል የተደረገ ዝም ይላል» አስመስዬ አቅርቤዋለሁ። መጽሐፍ ላይም ብዙ ጊዜ እንዲያ ነው የሚጻፈው፤ እውነቱ ግን ትንሽ የተጠላለፈ ነው። ጃቫ ኮምፓይል ይደረጋል፣ ሆኖም የክፍሎቹንና የዋና ዋና ቫሪያብሎቹን ስም ይዞ ነው የሚወጣው፤ ፕሮግራሙ ራሱን ሊመረምር ይችላል። በሌላ በኩል ድረ ገጾች ላይ የሚሠራው ጃቫስክሪፕት ስሙም ስክሪፕት ነው፣ ግን አንድ ክፍል ውስጥ ያሉ ሎካሎችን «ዘርዝርልኝ» የምትሉበት ትዕዛዝ የለውም። ትልልቅ ድረ ገጾች ደግሞ ቶሎ እንዲከፈቱ ሲሉ ስሞቹን ሁሉ አሳጥረው «ሀ»፣ «ለ»፣ «መ» እንደማለት በአንድ በአንድ ፊደል ይተኳቸዋል። ፐርል የሚባለው ቋንቋም ግማሹን ይነግራችኋል፣ «የኔ» ተብለው የተፈጠሩትን ግን ይደብቃል። ፓይተን ራሱ ውስጥ ለውስጥ አንድ ዓይነት ኮምፓይል ያደርጋል፤ ብቻ ስሞቹን አይጥላቸውም። ስለዚህ ቁም ነገሩ የቋንቋው ዓይነት ሳይሆን፣ ፕሮግራሙ በሚሠራበት ሰዓት ስሙ በሕይወት አለ ወይስ የለም ነው።

ሌላ ልዩነት አለ፣ ይሄኛው በተለይ በአማርኛ ለምንጽፍ ሰዎች። በሲ አንድን ስም ከመጠቀማችሁ በፊት «እንዲህ የሚባል ነገር አለኝ» ብላችሁ ማወጅ ግዴታ ነው። ያላወጃችሁትን ስም ብትጽፉ ኮምፓይለሩ «አላውቀውም» ብሎ እዚያው ያቆማችኋል። ፓይተን ግን ደግ ነው፤ ዋጋ እየሰጣችሁ እስከጻፋችሁ ድረስ የማያውቀውን ስም እንደ አዲስ እንግዳ ይቀበላል። ይቺን ተመልከቱ፦

ሠራተኛ = 10
ሰራተኛ = ሠራተኛ + 1

ጸሐፊው ሠራተኛውን ከ10 ወደ 11 ያሳደገ መስሎታል። ግን የመጀመሪያው በንጉሡ «ሠ» ነው፣ ሁለተኛው በእሳቱ «ሰ»። ለአፋችን አንድ ናቸው። ለኮምፒውተር ግን ንጉሡ «ሠ» ቁጥር 4640፣ እሳቱ «ሰ» ቁጥር 4656 ነው። የኛ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1999 ሲገባ እያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር አግኝቷል፤ ትክክልም ነው፣ ምክንያቱም በግዕዝ ልዩነት አላቸው። እና ፕሮግራሙ ሁለት ሠራተኛ ይዞ ቁጭ ይላል፤ አንዱ 10 ነው፣ አንዱ 11። ምንም ስህተት አለ አይልም። ያን ጊዜ «ዲር» ብሎ ስሞቹን መዘርዘር ነው መድኃኒቱ፤ ሁለቱ ስሞች ተራርቀውም ቢሆን ሲወጡ ዓይን ያያቸዋል። ኮምፓይለሩ ገና ከበሩ የሚይዘውን ስህተት፣ በስክሪፕት ቋንቋ እኛው ዝርዝሩን አይተን እንይዘዋለን። እንግዲህ እያንዳንዱ የራሱ በጎ ነገር አለው።

አሁን ነገሩ ከኮምፒውተር ክፍል ወጥቶ ሰው ጋ ሲደርስ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። ገጠር ያለች አክስቴ የማዳበሪያ ዝርዝር ውስጥ መኖሯን ለማጣራት ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ስትሄድ አብሬያት ሄድኩ። ልጁ በትሕትና ነው ያስተናገዳት። ስሟን ጠየቃት፣ ጻፈ፣ ጠበቀ፣ ከዚያ ቀና ብሎ «እማማ፣ ፕሮግራሙ የሉም ይላል» አላት።

«ልጄ፣ እኔማ አለሁ። ይኸው ፊትህ ቆሜ» አለችው።

ሰልፉ ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም። መሬቱ ታርሷል፣ ክረምቱ ገብቷል፣ ማዳበሪያ ደግሞ ነገ ና የሚባል ነገር አይደለም። ልጁ ደግ ስለሆነ በአባቷ ስም ፈልጎ አገኛት። ስሟ ውስጥ ያለውን «ሐ» የመዘገበው ሰው በሃሌታው «ሀ» ነበር የጻፈው። እኔም እንደ ጋዜጠኛ ተማሪ ዝም ማለት ስላልቻልኩ «ታዲያ ለምን ሁለቱን እንደ አንድ ቆጥሮ እንዲፈልግ አታስተካክሉትም?» አልኩት። «እሽ እንዴት አድርገን?» አለኝ፤ «የሠራው ልጅ ከሄደ ቆይቷል። እኛ ጋ ያለው ይቺ የምትከፈተዋ ብቻ ናት።»

እዚህ ላይ ከላይ የለየናቸውን ሁለቱን ነገሮች አስታውሱ። የአክስቴ ስም የቫሪያብል ስም አይደለም፤ እሱ በከረጢቱ ውስጥ ያለ መረጃ ነው። እሱ አልጠፋም፣ በሌላ ፊደል ተጽፎ ቁጭ ብሏል። የጠፋው ሌላ ነው፦ ፈላጊው ክፍል የሚጠቀምባቸው ስሞች። ፕሮግራሙ በፓይተን ወይም በፒኤችፒ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ፣ ሠሪው ቢሄድም ጽሑፉ እዚያው ኮምፒውተር ላይ ይገኝ ነበር። ከኛ ካምፓስ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ አንዱ ሄዶ ይከፍተዋል፤ «ስም_ፈልግ» የሚመስል ነገር ያያል፣ «ከመፈለግህ በፊት ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ቀይር» የሚሉ ጥቂት መስመሮች ይጨምርበታል። የከሰዓት ሥራ ነው። ኮምፓይል ከተደረገው ፋይል ብቻ ተነስቶ ግን ወይ «ሎካል 10»ን ሲገምቱ መክረም ነው፣ ወይ ሁሉንም እንደ አዲስ መጻፍ።

ይህ ሲባል ኮምፓይል የሚደረግ ቋንቋ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። ሶርስ ኮዱ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ ምንም ችግር አልነበረም፤ አስተካክሎ እንደገና ኮምፓይል ማድረግ ነው። ጥፋቱ ዱቄቱን ተረክቦ ማሳው የት እንዳለ አለመጠየቅ ነው። እኛ ሙያ አካባቢም የዚህ ዘመድ የሆነ ችግር ነበር። ዩኒኮድ ከመለመዱ በፊት በቪዥዋል ግዕዝና በፓወር ግዕዝ የተተየቡ የዚያን ጊዜ ጽሑፎችን ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ከፍታችሁ ከሆነ፣ የሚወጣውን የላቲን ፊደልና ምልክት ድብልቅ አይታችኋል። ጽሑፉ አለ፣ የትኛው ቁጥር የትኛው ፊደል እንደነበር የሚናገረው ቁልፍ ግን ሌላ ቦታ ቀርቷል።

ደግነቱ ሁሉም ነገር እንዲህ የተዘጋ አይደለም። የአማርኛ፣ የኦሮምኛና የትግርኛ ቃላትን ወደ ሥራቸው የሚተነትነው ሆርንሞርፎ፣ የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲው ማይክል ጋሰር በፓይተን የሠሩት፣ ሶርሱ ለማንም ክፍት ነው። ዳንኤል ያዕቆብም የግዕዝን ፊደል ጠባይ አውቀው የሚፈልጉ የፐርል ሞጁሎች ጽፈው በነፃ አቅርበዋል፤ የአክስቴ ዓይነት ችግር ብዙ ሰው ቀድሞ ያሰበበት እንደሆነ ያየሁት እነሱን ሳነብ ነው። ከትልልቆቹም አሉ። ጤና ሚኒስቴር የጤና መረጃ የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ 2 የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ነው፤ የብሔራዊ መታወቂያችን የፋይዳ መሠረት የሆነው ሞሲፕም ሕንድ ባንጋሎር ካለ ተቋም የወጣ ነው። ሁለቱም በጃቫ የተጻፉ፣ ኮምፓይል የሚደረጉ ናቸው፤ ሆኖም መነሻ ሶርስ ኮዳቸው በይፋ ስለተለቀቀ፣ እያንዳንዱን የቫሪያብል ስም እዚህ ደብረ ታቦር ሆናችሁ በስልካችሁ ማንበብ ትችላላችሁ። ይህም ከላይ ካልኩት ጋር ይሄዳል፤ ስሙ ከፋይሉ ቢጠፋም ከሰው እጅ እንዳይጠፋ ማድረግ ይቻላል።

በሕግ ክፍለ ጊዜያችን የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000ን ስናነብ፣ ከመንግሥት አካል መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለን ተምረናል። ስለዚህ አንድ መሥሪያ ቤት «ፕሮግራሙ ነው እንዲህ ያደረገው» ሲለን ቀጣዩ ጥያቄ «ፕሮግራሙን ማን ጻፈው? ሶርስ ኮዱ በማን እጅ ነው? በውሉ ላይ ርክክቡ ተጽፏል?» መሆን ይኖርበታል። ፕሮግራም ማንበብ የግድ አይደለም፤ ማንበብ የሚችል ሰው የሚያነበው ነገር መኖሩን ማረጋገጥ ግን የኛ ሥራ ነው።

መሞከር ለምትፈልጉ፣ ላይብረሪ ሄዳችሁ ፓይተን ያለበት ኮምፒውተር ካገኛችሁ (መብራት ካለ ማለቴ ነው) በአማርኛ ስም መጀመር ትችላላችሁ። ፓይተን ከ3ኛው እትም፣ ማለትም ከእ.ኤ.አ. 2008 ጀምሮ፣ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ የቫሪያብል ስም ይቀበላል። ጃቫም ይቀበላል፤ ጂሲሲ የሚባለው ታዋቂ የሲ ኮምፓይለር በቀጥታ የተቀበለው ግን በ10ኛው እትሙ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። ሁለት ቃል ለማያያዝ ክፍተትም ሁለት ነጥብም (፡) አይሆንም፤ «የእህል_ዋጋ» እያላችሁ በታችኛው ሰረዝ አያይዙ። የግዕዝ ቁጥር ደግሞ አስቂኝ ጠባይ አለው። ከ፩ እስከ ፱ ያሉት በስም መካከልና መጨረሻ ይፈቀዳሉ፤ ስለዚህ «ተማሪ፩»፣ «ተማሪ፪» እያላችሁ እስከ «ተማሪ፱» መሄድ ትችላላችሁ። «ተማሪ፲» ስትሉ ግን ስህተት ነው ብሎ ይመልሳችኋል፤ በዩኒኮድ ደንብ ለስም ከተፈቀዱት መካከል ፲ የለችም። አሥረኛውን ተማሪ «ተማሪ10» በሉትና «ዲር» ብላችሁ ዘርዝሩ፤ ሁሉም በየስማቸው ይወጣሉ።